ግቢን ለሲፈን ያስረዳሁበት እሁድ

ልጅ አስፈትናችሁ ታውቃላችሁ? የእኔዎቹ ገና አልደረሱም፤ የሰፈሩን ግን በየዓመቱ አስፈትናለሁ። የአስራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት ወጥቶ የዩኒቨርሲቲ ምርጫ ሙሉ ሲባል እኔ በምኖርበት በዓለም ገና ከተማ ሰላም የለኝም። ባጃጅ ሰልፍ ላይ ቆሜ፣ ዳቦ ልገዛ ወጥቼ፣ ፀጉሬን ልቆረጥ ተቀምጬ፣ «አንተ እኮ ግቢ ገብተህ ነበር» ይሉኛል። ግቢ ማለት በእኛ አነጋገር ዩኒቨርሲቲ ነው። አንዴ ከገባህ ብትመረቅም አትወጣም፤ ሰፈሩ አያስወጣህም።

ለነገሩ እኔ ማን ሆኜ ነው? የተመረቅኩት በማኔጅመንት ነው። እስከ ዛሬ ያስተዳደርኩት ሰው የለም፤ ቤቴም ውስጥ የምተዳደረው እኔ ነኝ። ዲግሪዬ ሳሎን ተሰቅሏል። ባለቤቴ እዚያ የሰቀለችው ኮርታብኝ እንዳይመስላችሁ፣ ግድግዳው የተላጠበትን ቦታ ስለሚሸፍንላት ነው። ያም ሆኖ ምክር ሲጠይቁኝ ደስ ይለኛል። ጉሮሮዬን ጠርጌ «እንግዲህ ግቢ ማለት...» ብዬ ስጀምር እኔው ራሴን አላውቀውም።

ዘንድሮ ኦቦ ቶሎሳ ያዙኝ። ኦቦ ቶሎሳ በፉሪ በኩል እርሻ ያላቸው፣ እኛ የአዲስ አበባን ኪራይ ሸሽተን ከመምጣታችን በፊት እዚህ የነበሩ የሰፈራችን ሽማግሌ ናቸው። «አካም ጅርታ» ብለው ጀመሩ፤ ስለ ሚስቴ፣ ስለ ልጆቼ፣ ስለ ላሜ ጠየቁኝ። ላም የለኝም። እሳቸውም ያውቃሉ፤ ሰላምታው እንዳይጎድል ነው። ከዚያ ወደ ጉዳያቸው ገቡ። ልጃቸው ሲፈን ጥሩ ውጤት አምጥታለች። አንደኛ አድርጋ መሙላት የፈለገችው ግን እኔ የተማርኩበትን ሩቅ ዩኒቨርሲቲ ነው። እሳቸው ደግሞ አዲስ አበባ ያለውን ትሙላ፣ ከቤት እየተመላለሰች ትማር ባይ ናቸው። እሁድ ቤታቸው መጥቼ የግቢን ክፉ ክፉውን እንድነግራት ለመኑኝ። እሺ አልኩ። ሽማግሌ ለምኖኝ እምቢ ልበል?

በማግስቱ እዚያው ባጃጅ ሰልፍ ላይ ሲፈን ያዘችኝ። የምትወደው የእንስሳት ሕክምና እዚያ ጥሩ ነው ሲባል ሰምታለች። ከቤት እየተመላለሰች ከተማረች ግማሹ ቀን ታክሲ ጥበቃ ላይ፣ ግማሹ ላም ማለብ ላይ እንደሚያልቅባት ነገረችኝ። አባቷ የማንንም ምክር አይሰሙም፣ እኔን ግን ይሰማሉ። ይህን ስትለኝ ዓይኗ እንባ አቀረረ። የግቢን ደግ ደጉን ንገርልኝ አለችኝ። እሱንም እሺ አልኩ። እምቢ ማለት የሚባል ኮርስ አልወሰድኩማ።

ለባለቤቴ ብነግራት ሳቀች ሳቀችና «ለሁለቱም እሺ አልክ? እንግዲህ ቻለው» ብላ ወደ ሥራዋ ገባች።

እሁድ ደረሰ። ምርጫው ሰኞ ይዘጋል። ኦቦ ቶሎሳ ቤት ገና ከመቀመጤ ጭኮ ቀረበልኝ፤ ሲፈን ቅቤውን አልሰሰተችም። አባትየው በቀኜ፣ ልጅቷ በግራዬ ተቀመጡ። እኔ ዘዴ አበጅቼ ነው የመጣሁት፤ ክፉውን ወደ እሷ ዞሬ፣ ደጉን ወደ እሳቸው ዞሬ እናገራለሁ። ሁለቱም የጠየቁኝን አደረግኩ ማለት አይደል?

ወደ ሲፈን ዞርኩና ዶርም ውስጥ ስድስት ሆነው በተደራራቢ አልጋ እንደሚተኙ፣ የላይኛዋ በተገላበጠች ቁጥር የታችኛዋ እንደምትነቃ ነገርኳት። ወደ አባቷ ዞርኩና እነዚያ ስድስቱ የእናት ልጅ እንደሚሆኑ ነገርኳቸው። ለእሷ፣ የካፌው ሽሮ ከመቅጠኑ የተነሳ የሳህኑ ታች ይታያል አልኳት። ለእሳቸው፣ ማንም ጾሙን አያድርም አልኩ። ለእሷ፣ የመጀመሪያው ዓመት ላይ ሁሉም አንድ ዓይነት ትምህርት እንደሚማር፣ የምትወደው ዲፓርትመንት የሚደርሳት ውጤቷ ከበቃ ብቻ እንደሆነ፣ ውሃ ደግሞ ሳሙና ከተቀቡ በኋላ እንደሚጠፋ። ለእሳቸው፣ ቤተ መጻሕፍቱ ሰፊ እንደሆነ፣ ያለ መታወቂያ በሩን የሚያልፍ እንደሌለ። አንገቴ እስኪያመኝ ዞርኩ።

ክፋቱ፣ ወሬው እኔኑ ጣመኝ። የቱን እንደማስፈራራ፣ የቱን እንደማባብል ጠፋብኝ። መብራት ሲጠፋ በስልክ ብርሃን ተጠጋግተን ያጠናነውን አወራሁ። የካፌ ሠራተኛ ጋውን ለብሼ ሰልፍ የቀደምኩበትን፣ ከዚያም ተይዤ ሳህን ሳጥብ የዋልኩበትን አወራሁ። ሲፈን ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ኦቦ ቶሎሳ ግን አልሳቁም። በትዕግሥት አስጨርሰውኝ «ትምህርቱስ?» አሉ።

ትምህርቱ። አፌን ከፈትኩ። መልሼ በጭኮ ዘጋሁት። የማክሰኞ ምሳ ምን እንደነበር አስታውሳለሁ። የዶርም ጓደኛዬ በእንቅልፍ ልቡ ምን ምን እንደሚል አስታውሳለሁ። ትምህርቱ ግን ወዴት እንደሄደ እንጃ። በመጨረሻ ፕላኒንግ የሚባል ነበር አልኳቸው፤ ማቀድ ማለት ነው። ምን ይላል? አሉኝ። ሰው አንድ ነገር ከመጀመሩ በፊት አስቦበት ይጀምር ይላል፣ አልኩ።

ሲፈን አንገቷን ደፋች። በጣም አፈርኩ። በእኔ ብቻ ቢቀር ግድ አልነበረኝም፤ እፍረቱን ለምጄዋለሁ። የልጅቷን ዕድል ያበላሸሁባት መሰለኝና ጨነቀኝ።

ኦቦ ቶሎሳ ሌላ ጥያቄ አመጡ። እዚያ ስትሄድ ዘመድ ነበረህ? አልነበረኝም። ታመህ ታውቃለህ? ወባ ይዞኝ የዶርም ልጆች ተሸክመው ክሊኒክ ወስደውኛል። አልቅሰህ ታውቃለህ? የመጀመሪያውን ሳምንት ሙሉ አልቅሻለሁ። ጥለህ ልትመጣ አላሰብክም? ሻንጣዬን ዘግቼ ነበር፤ ልጆቹ ናቸው የመለሱኝ። ይህን ለባለቤቴ እንኳ ነግሬያት አላውቅም።

ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ኢንተላ ኮ፣ የፈለግሽውን አንደኛ አድርገሽ ሙዪው» አሉ።

ኢንተላ ኮ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። ሲፈን እንባዋ እየወረደ ጉልበታቸውን ሳመች። እኔ ደግሞ ምን ብናገር ነው እኚህን ሰው ያሸነፍኳቸው ብዬ ደረቴን ነፋሁ። ሲሸኙኝ በር ላይ ጠየቅኳቸው።

«እኔ የፈራሁት» አሉኝ ትከሻዬን መታ መታ እያደረጉ፣ «ልጄ እዚያ ሄዳ አልችል ብላ፣ ተሰብራ እንዳትመለስ ነበር። አንተን ችሎ ያስመረቀ ቦታ እሷን አይጥላትም።»

አመስግኜ ወጣሁ።

ነገሩ እዚያ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ኦቦ ቶሎሳ ልጁን ሩቅ መላክ የፈራ ወላጅ ባገኙ ቁጥር ወደ እኔ ይመሩታል። ከሰበታ ድረስ ይመጣሉ። ስለ ግቢ ግን ማንም አይጠይቀኝም። ሰላም ይሉኛል፣ ከላይ እስከ ታች ያዩኛል፣ ተጽናንተው ይመለሳሉ።