ፒክል በአየር ሲጠበስ

«ያለ ዘይት እጠብሳለሁ» የሚልን ማንኛውንም ነገር አትመኑ። ዕቃም ይሁን ወንድ!

በእኔ ጊዜ መጥበስ ልፋት ነበረው። ሽንኩርቱ ዘይት ይፈልጋል፤ ልጅቷ ደግሞ ሻይ፣ ኬክ፣ ደጅ መጥናት፣ ወንድሟን ሲያዩ መንገድ መቀየር… የዛሬ ወጣት ስልኩን አውጥቶ በአየር ይጠብሳል። ልጄን ቤዛን ናሆም የሚባል ልጅ የጠበሳት እንደዚሁ ነው። እዚህ ናይሮቢ፣ እሱ ሁርሊንግሃም ሰፈር እናቱ ቤት ተቀምጦ፣ እሷ ኪሌሌሽዋ ከእኔ ጋር አንድ ሶፋ ላይ ተቀምጣ፣ እኔ ከጎኗ ድራማ እያየሁ። ጭስ የለ፣ ሽታ የለ። ስባንን በስላለች።

ያን ሰሞን ነው ኤር ፍራየር የሚባለውንም በአየር የሚጠብስ ዕቃ ገዝታ ያመጣችው። አይታችሁት ካላወቃችሁ፣ የቦዳቦዳ ሞተር ነጂ ወጥ ቤት ረስቶት የሄደ ሄልሜት ይመስላል። ሲበራ እንደ አውሮፕላን ያጓራል፤ የትም ግን አይሄድም። እኔ ዳቦ መሸፈኛ አድርጌው ነበር።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልግባ። ናሆም ጥሩ ልጅ ነው። መሥሪያ ቤቱ ግን ነሐሴ ሲገባ ወደ ኪጋሊ ሊያዛውረው ነው። ልጆቹ ከዚያ በፊት መጋባት ፈልገዋል። እኛ ያለነው ደግሞ የሰኔ ጾም ውስጥ ነው። በጾም ሠርግ የለም። ጾሙ ተፈቶ ፍልሰታ እስኪገባ የቀረችው የሐምሌ ቁራጭ ናት። እሷ ካመለጠች እሱ ኪጋሊ፣ እሷ ኪሌሌሽዋ፣ ፍቅሩ ኔትወርክ ላይ! ኔትወርክ ደግሞ ታውቁታላችሁ።

በልጆቹና በሐምሌ መካከል የቆመ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የናሆም እናት ወይዘሮ ለተብርሃን። አስመራ ተወልደው አማርኛን በድሮው ዘመን ትምህርት ቤት ተምረው የእኔን አማርኛ የሚያርሙ ሴት ናቸው። ክፋት የለባቸውም። አንዲት ቃል ብቻ ይወዳሉ… «ይቆይ»። መኪናው ይለወጥ ሲባል ይቆይ፣ ቤቱ ቀለም ይቀባ ሲባል ይቆይ። ባለቤታቸው አቶ ገብረመድኅን በበኩላቸው በተጋቡ ሰሞን አንድ ዓረፍተ ነገር ጀምረው ገና እንዳልጨረሱ ይነገራል።

እነዚህ ሁለት ሰዎች ዓርብ በዘጠኝ ሰዓት፣ ጾም ሲፈታ፣ ቁርጡን ሊነግሩን ቤታችን ሊመጡ ሆነ። ጠዋት ቤዛ ዌስትላንድስ ካለው ቢሮዋ ደወለች።

«ማሚ፣ ዘይት እንዳትነኪ! የናሆምን እናት ዶክተር ከልክሏቸዋል።»

«እሺ።»

«ጾም ስለሆነ እንቁላልም የለም፣ ወተትም የለም።»

«ታዲያ ምን ላብላቸው? አየር?»

«ኤግዛክትሊ! ኤር ፍራየሩን አውጪው። ቪዲዮ ልኬልሻለሁ፣ ፒክል ነው። ናሆም ኮምጣጣ ነገር ይወዳሉ ብሎኛል። በጣም ሲምፕል ነው፣ ሳዋ?»

«ሳዋ።»

«ሳዋ» በስዋሂሊ «እሺ» ነው፤ በዚህች ከተማ ያልገባው ሰው የሚሰጠው መልስም እሱ ነው።

ቪዲዮውን ከፈትኩት። ጥፍሯ እንደ ማንኪያ የረዘመ አንዲት ሴት ከጠርሙስ ውስጥ አረንጓዴ ክብ ክብ ነገር ታወጣለች፣ ዱቄት ታስነካዋለች፣ እንቁላል ውስጥ ትነክረዋለች፣ የዳቦ ፍርፋሪ ላይ ታንከባልለዋለች፣ ሄልሜቱ ውስጥ ትከተዋለች። ሲወጣ ወርቅ መስሏል። ቀጭ አድርጋ ነክሳ ዓይኗን ጨፈነች። የምትናገረው እንግሊዝኛ እንደ ማታቱ ታክሲ ረዳት ጥሪ የሚበር ነው፤ አንዱም አልተያዘኝም። ግን ሙያ ቋንቋ ይጠይቃል እንዴ? አይጠይቅም ብዬ ተነሣሁ። ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል የሚባለውን እናንተ አሁን አስታወሳችሁት፤ እኔ ያኔ አላስታወስኩትም።

በእንቁላል ፋንታ ተልባ ቀጥቅጬ በውሃ ዘፈዘፍኩ። ሙጫ ሆነልኝ። በዳቦ ፍርፋሪ ፋንታ ድርቆሽ ሙቀጫ ውስጥ ጨምሬ ሸከሸክሁ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ያቺ ሴትዮ ብታየኝ ጥፍሯን ትቆረጥ ነበር። የቀረኝ ፒክሉ ራሱ ነው።

ዌስትላንድስ፣ ህንዶቹ ሱቅ ሄድኩ። ባለሱቁ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መነጽሩን ይፈልጋል።

«ፒክል» አልኩት።

«የስ ማማ! ማንጎ? ሌመን?»

ቪዲዮው ትዝ አለኝ። «ግሪን።»

«ግሪን ማንጎ! ቬሪ ጉድ። ሆት ኦር ማይልድ?»

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። እንግሊዝኛ ማንም አላስተማረኝም፤ ከሬዲዮ፣ ከመድኃኒት ብልቃጥና ከጎረቤት ለቃቅሜ ያጠራቀምኩት ነው። «ሆት» ማለት ትኩስ መሆኑን ግን ሕፃንም ያውቃል። ትኩስ ዳቦ፣ ትኩስ ወሬ… ትኩስ ማለት እንግዲህ የዛሬ፣ ያላደረ ማለት ነው። ሰውዬው የዛሬውን ትፈልጊያለሽ ወይስ ያደረውን ብሎ ጠየቀኝ። ለልጄ አማት ያደረ ላቅርብ?

«ሆት!» አልኩ።

«ሹር፣ ማማ?»

«ቬሪ ሆት። ቬሪ ቬሪ ሆት። ዬስተርደይ፣ ኖ!»

ሰውዬው በአክብሮት አየኝ። ከመደርደሪያው ጥግ፣ ከሌሎቹ ጀርባ፣ አንድ ጠርሙስ አወጣልኝ። ትኩሱን እንዲህ ነው ከኋላ የሚደብቁት!

ቤት ገብቼ ከፈትኩት። ማንጎው ቀይ ዘይት ውስጥ ይዋኛል። ዘይት! ሐኪም የከለከለው ዘይት! ደግነቱ ብልሃት አላጣም። አንድ በአንድ እያወጣሁ እንደ ሕፃን አፍንጫ በሶፍት ጠራረግኳቸው። ዓይኔ ማልቀስ ጀመረ፤ ኮምጣጤው ደህና ነው አልኩ። ጣቶቼ ተቃጠሉ፤ ትኩስ ነው ብሎኝ የለ?

«ለምን አልቀመስሽውም?» ትሉኝ ይሆናል። እህቶቼ፣ ጾመኛ ነኝ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃም አልቀምስ። ጾመኛ ወጥ የሚቀምሰው በአፍንጫው ነው፤ የኔ አፍንጫ ደግሞ በዚያ ሰዓት ሥራ አቁሟል።

ዱቄት፣ ተልባ፣ ድርቆሽ፣ ከዚያ ወደ ሄልሜቱ። አጓራ። ስከፍተው ነፋሱ ድርቆሹን ገፍፎ ጣሪያው ላይ ለጥፎታል፤ ፒክሎቹ ራቁታቸውን ተቀምጠው ያዩኛል። ሁለተኛውን ዙር እንደ ግድግዳ ጭቃ በመዳፌ ጠፍጥፌ አስገባሁ። ሲወጣ… ምን ልበላችሁ፣ ወርቅ! በጥፍር ሲነካ ቀጭ ይላል።

እንግዶቹ በሰዓታቸው መጡ። ናሆም በወጉ መሠረት ወደ ፎቁ አልወጣም፤ እታች ግቢው ውስጥ መኪና ውስጥ ቀርቶ በየደቂቃው «ምን አሉ?» እያለ ለቤዛ ይጽፋል። ቤዛ ከዌስትላንድስ ትራፊክ ተፋልማ ገና መግባቷ ነው። ሳህኑን ስታይ ጮኸች።

«ዋው ማሚ! ቁርጥ ቪዲዮውን!»

ያ ወር ናይሮቢ ፀሐይዋን የምትደብቅበት ወር ነው። ወይዘሮ ለተብርሃን ካፖርት ለብሰው፣ በካፖርቱ ላይ ጋቢ ደርበው «ምን ዓይነት ብርድ ነው!» እያሉ እጃቸውን ሊታጠቡ ሄዱ። አቶ ገብረመድኅን ሳህኑ አጠገብ ብቻቸውን ቀሩ። ከወጥ ቤት ስመለስ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ሰማይ ሰማዩን ያያሉ። ዝናብ እየፈሩ መሰለኝ።

ተቀመጥን። የውሃው ጆግ ቤዛ ፊት ነው። ወይዘሮ ለተብርሃን ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ።

«እንግዲህ፣ ልጆቹ ተዋደዋል። ልጅሽ ጨዋ ናት፣ አልዋሽም። እናንተም መልካም ሰዎች ናችሁ። ነገር ግን…»

እስቲ ንገሩኝ፣ ከ«ነገር ግን» በኋላ ሠርግ መጥቶ ያውቃል? ቤዛ ጠረጴዛው ሥር እጄን ጨበጠችው። ያቺ «ይቆይ» የሚሏት ቃል ከንፈራቸው ላይ ደርሳ በዓይኔ አየኋት።

«እስቲ መጀመሪያ ይቅመሱ!» ብዬ ሳህኑን አፋቸው ሥር አደረስኩት። «ዘይት የለበትም። በአየር ነው።»

«በአየር?»

«በአየር።»

ጨዋ ሰው ናቸው፤ ሰው አያሳፍሩም። አንዱን አንሥተው እንዳለ ጎረሱት። ቀጭ አለ።

ማኘካቸውን አቆሙ።

መጀመሪያ ጋቢው ወረደ። ቀጥሎ ካፖርቱ። ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ አለ። ዓይኖቻቸው ከእኔ ወደ ሳህኑ፣ ከሳህኑ ወደ እኔ ተመላለሱ። ይህን ጊዜ አቶ ገብረመድኅን ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ በዕድሜ ዘመናቸው ለመጀመሪያ ጊዜ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ከመነሻው እስከ መድረሻው ተናገሩ።

«እኔ ሠርጉ በሐምሌ ይሁን ባይ ነኝ። ለተ፣ አንቺስ?»

ወይዘሮ ለተብርሃን ራሳቸውን ነቀነቁ። በኃይል ነቀነቁ! እጃቸውንም ወደ ቤዛ ዘረጉ።

«ማ…» አሉ። «ማ… ማ…»

«ማርያም ትባርካችሁ እያለች ነው» ብለው ባልየው ተረጎሙ።

ምን ላድርግ? እናት ነኝ። እልልታዬን ለቀቅኩት!

እታች ናሆም እልልታውን ሰምቶ የመኪናውን ጥሩምባ አምባረቀው። የግቢው ዘበኛ ደንግጦ መኪና ለሌለበት በሩን ከፈተ። ናሆም ደረጃውን ሦስት ሦስት እየዘለለ መጥቶ የእናቱን ጉልበት ይስም ጀመር። አባትየው ሁርሊንግሃም ምግብ ቤት ላላት እህታቸው ደውለው «በሐምሌ ነው! ለተ ራሷ ናት ያለችው!» ይላሉ። ሁርሊንግሃም ምግብ ቤት የገባን ወሬ ደግሞ መልሶ የሚያወጣው የለም። እኔ አሁንም እልልታ ላይ ነኝ። ወይዘሮ ለተብርሃን ምላሳቸው ሲመለስላቸው ጆጉ ባዶ ሆኖ፣ ነገሩ ሁሉ አልቆ ነበር። አፋቸውን ከፈቱ። የልጃቸውን ፊት አዩ። የባላቸውን ስልክ አዩ። አፋቸውን ዘጉ። ዝምታ ለበግም አልበጃት ይባላል…

ሲሸኙ አቶ ገብረመድኅን በሩ ላይ ወደ ኋላ ቀረት አሉ። ዓይናቸው ቲማቲም መስሏል።

«የቤዛ እናት፣ እጅሽ ይባረክ። እሷ እጇን ልትታጠብ ስትሄድ እኔ አንድ ቀምሼ ነበር።»

«ምነው፣ ምን ሆነ?»

«ትቀምሺዋለሽ።»

ገብቼ ቀመስኩ። ዝርዝሩን አልነግራችሁም። ኪሌሌሽዋ ቆሜ ኪጋሊ ታየችኝ፤ ይበቃል። ቤዛ ጠርሙሱን አንሥታ አነበበች።

«ማሚ! ይሄ እኮ አቻሪ ነው፣ የህንዶቹ በሚጥሚጣ ያበደ ማንጎ! ቪዲዮው የኪያር ነበር! ኤክስትራ ሆት ይላል!»

«አዎ፣ ትኩስ ነው» አልኩ… ቃጠሎው ሲበርድልኝ።

ልጄ አልሳቀችም። ሶፋው ላይ ቁጭ አለች። «እሺ ያሉት እሺ ብለው አይደለማ» አለች በቀስታ። በግድ የተነቀነቀ ራስ ላይ ትዳር ይመሠረታል? ነገ ስልክ ተደውሎ «ስሕተት ነበር» ቢባል ማን ይፈርዳል?

ስልኩ በማግሥቱ ተደወለ።

«ጓለይ» አሉኝ ወይዘሮ ለተብርሃን። በትግርኛቸው «ልጄ» ማለት ነው፤ ሊያርሙኝ ሲሉ እንዲህ ይጠሩኛል።

«አቤት፣ እትዬ ለተብርሃን።»

«እኔ ትናንት ማርያም አላልኩም።»

ስልኩን ወደ ሌላኛው ጆሮዬ አዛወርኩ።

«ማይ ነው ያልኩት። ማይ! ውሃ! ራሴን የነቀነቅሁትም ለጆጉ ነው።»

ቤዛ ፊት ለፊቴ ቆማ ፊቴን ታነባለች።

«ታዲያ… ሠርጉ ይቅር እያሉኝ ነው?»

«አላስጨረስሽኝም። ዛሬም ልታጎርሺኝ ነው?»

«ይቅርታ።»

«ባሌ ያገሬ ልጅ ነው፤ በአንድ ቋንቋ ነው የተወለድነው። ማይ ስለው ማርያም አለ። አንቺ እልል ትያለሽ። የወለድኩት ልጅ ጉልበቴን ይዞ ይስማል። እኔ እየተቃጠልኩ እናንተ ሠርግ ላይ ናችሁ! ልጅሽ ብቻ ቀና ብላ ዓይኔን አየችኝ። ‹ማጂ?› አለችኝ፣ ውሃ በስዋሂሊ። ‹ማጂ?› አዎ አልኳት። ብርጭቆውን ይዛ፣ ጀርባዬን ደግፋ አጠጣችኝ።»

ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ለባሌ የነቀነቅሁት ውሸት ነው። ለሷ ‹አዎ› ያልኩት ግን እውነት ነው። በሐምሌ ይሁን።»

«እልል ልበል?»

«አትበይ። ደግሞ ስሚኝ፣ የሠርጉ ዕለት ወጥ ቤት እግርሽ እንዳይረግጥ።»

ራሴን ነቀነቅሁ። በኃይል ነቀነቅሁ… በስልክ መሆኑን ረስቼ።