ሥራው ለጳጉሜን የቀረ ፕሮጀክት

የሰው ዓይነት ብዙ አይቻለሁ፤ እንደ ጌትነት ያለ አጣሪ ግን ላስታ አላፈራችም። እኔና አንተ ጠላ እናጠልላለን፤ እሱ የሚያጠልለው የሥራ ቀን ነው። ከብልባላው የውሃ ፕሮጀክት መርሐ ግብር የትኛው ሥራ ወደ ሪፖርት ሶፍትዌሩ ይግባ፣ የትኛው ይቅር የሚለው እሱ ነው።

አንድ ቀን መምሬ ካሳ ሪፖርቱ ሲነበብ ሰምተው፣ «በሚካኤል ነው ቦይ የቆፈራችሁት?» ብለው ተቆጡ። ጌትነት ደንግጦ በሚካኤል የሚውል ሥራ ሁሉ እንዳይገባ አደረገ። የገብርኤል ማኅበርተኞች ደግሞ «የእኛስ በምን አነሰ?» አሉት። ገብርኤልንም አጣራ። ከዚያ ማርያም፣ ጊዮርጊስ፣ አቦ... ወዳጄ፣ ቅዱስ የሌለው ቀን ታውቃለህ? ሠላሳውም ቀን ተጣርቶ ሪፖርቱ ላይ የሥራ ቀን ተብላ ጳጉሜን ብቻዋን ቀረች።

አዲስ አበባ ያሉት አለቆች ይህን አይተው፣ «ታዲያ እስከዚያ ማሽኑ ምን ይሠራል?» ብለው መቆፈሪያውን ወሰዱት። ብልባላም ያለ ውሃ ከረመች።

ማሽኑ የተመለሰው ጳጉሜን ሦስት ነው። ሹፌሩ ሞተሩን ሊያስነሳ ሲል መምሬ ጃንጥላቸውን ዘርግተው ከፊቱ ቆሙ።

«ዛሬማ ሩፋኤል ነው!»

ወዲያው ዝናቡ ወረደ። አገሩ ሁሉ ለጠበሉ ልብሱን እያወለቀ ወጣ። መምሬም ጃንጥላቸውን አጥፈው፣ ጢማቸው እየተንጠባጠበ ተጣሩ፦

«አንተ ጌትነት! ውሃው ብልባላ ገባ ብለህ ጻፍ!»