የማጣሪያው ጀግና

እኛ ሚሲሲፒ ውስጥ፣ በወጣትነቱ እንደ ነፋስ አልሮጥኩም የሚል የስድሳ ዓመት ሰው ብትፈልጉ አታገኙም። ሁሉም ሮጧል። ሁሉም ለጥቂት ተቀድሟል። ሁሉም ጉልበቱ ባይከዳው ኖሮ ዛሬ ሐውልት ይቆምለት ነበር። የእኛ ከተማ ሯጭ ከእነዚህ ሁሉ የሚለዩት በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ክቡር ሚስተር ኦዴል ፕሪዊት የእውነት ሮጠዋል።

እዚሁ ሁለተኛ ደረጃ ሲማሩ በመቶ ሜትር የሚደርስባቸው ስለጠፋ አንድ ኮሌጅ በነጻ ሊያስተምራቸው ወሰዳቸው። በሃያ አራት ዓመታቸው ለአሜሪካ ቡድን ተመረጡና በዓለም ሻምፒዮና የዱላ ቅብብል ማጣሪያ ላይ ሦስተኛው ሯጭ ሆነው መታጠፊያውን ሮጡ። ቡድኑ አለፈ። በማግስቱ ለፍጻሜው ግን፣ ጡንቻው ተሽሎት የተነሳ አንድ ዝነኛ ልጅ በእሳቸው ቦታ ገባ። አሜሪካ ወርቅ ስታገኝ ሚስተር ኦዴል ከተመልካች ጋር ተቀምጠው አጨበጨቡ። ደንቡ ማጣሪያውን ለሮጠም ሜዳሊያ ይሰጣል፤ የእሳቸውን የቡድኑ መሪ ሆቴል ኮሪደር ላይ፣ ከታጠበ ካልሲያቸው ጋር በላስቲክ ከረጢት አስረከባቸው። መዝሙር የለ፣ ባንዲራ የለ። ከሁለት ዓመት በኋላ ቋንጃቸው ተበጠሰና ወደ ከተማችን ተመለሱ፤ ይኸው እስከ ዛሬ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ይነዳሉ። የከተማው ፈጣን ሰው የሚነዱትን አውቶቡስ ኤሊ ሳትቸኩል ትቀድመዋለች።

ከዚያ ኮሪደር ይዘው የመጡት ግን ሜዳሊያውን ብቻ አይደለም። አንድ አባባልም ይዘው መጥተዋል፤ «ማጣሪያ የሌለው ፍጻሜ ካለ አሳየኝ!»

ይህን የማይሉበት ቦታ የለም። ፀጉር አስተካካያችን ክሌተስ «ኦዴል፣ አንተ እኮ ወርቁን ያገኘኸው ተቀምጠህ ነው» ብሎ ሲነካካቸው፣ ግማሽ ፀጉራቸው እንደተላጨ ከወንበሩ ይነሳሉ። «እኔ ባላሳልፋቸው ያ ልጅ ምን ሊሮጥ ነበር? ሆቴሉ ውስጥ ደረጃ ለደረጃ ሊሮጥ ነበር? ማጣሪያ የሌለው ፍጻሜ ካለ አሳየኝ!»

በወንድማቸው ልጅ ሠርግ ላይ ብርጭቆ አንስተው፣ ሙሽራው ከዚህ ቀደም የያዛቸውን ሴቶች ልጆች በሙሉ አመሰገኑ። «ዛሬ ለዚህ ፍጻሜ የበቃው በእነሱ ነው» አሉ። የሙሽራይቱ እናት የያዘችው ሻይ ቀሚሷ ላይ ፈሰሰ። ሁለቱ ቤተሰቦች እስካሁን ሰላምታቸው ቀዝቃዛ ነው።

ቤተ ክርስቲያናችን ዓሣ ጠብሳ ስታበላ ደግሞ፣ ሕዝቡ ጠባሿን እህት ቨርኔልን ሲያመሰግን ሚስተር ኦዴል ይነሳሉ። «ዓሣውን የገፈፈው ማነው? ይነሳና እንየው!» ይላሉ። እጁ ሁሉ ቅርፊት የሆነ አንድ ዓይናፋር ሰውዬ ከጓሮ ተጎትቶ ይመጣል፤ እሳቸው ተነስተው ያጨበጭቡለታል። ወንበር የደረደረውም፣ ድስት ያጠበውም ተራው ይደርሰዋል። ዓሣው ይቀዘቅዛል። እኔም ቀዝቃዛ ዓሣ እየበላሁ ስንት ጊዜ ረግሜያቸዋለሁ።

ዘንድሮ ግን በጁን አስራ ዘጠኝ፣ አባቶቻችን ከባርነት ነጻ በወጡበት በዓል፣ የሆነውን ስሙ። በየዓመቱ በዚያ ቀን የከተማው አብያተ ክርስቲያናት ከሃምሳ ዓመት በላይ የሆኑ ሰዎቻቸውን በዱላ ቅብብል ያወዳድራሉ፤ ጠዋት ማጣሪያ፣ ከሰዓት ፍጻሜ። ሚስተር ኦዴል በቋንጃቸው ምክንያት ገብተው አያውቁም። እኔ ግን ሦስተኛው ሯጭ ሆኜ ልሮጥ ሦስት ወር ተለማምጃለሁ፤ ልጄም ልጆቿን ይዛ ከሂዩስተን ድረስ ልታየኝ መጥታለች። ጠዋት ሰውነቴን ሳፍታታ ባቴን ጨምድዶ ያዘኝ። ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ ሆነ። የቡድናችን አለቃ እህት ቨርኔል ዙሪያዋን ቃኘችና፣ «ሚስተር ኦዴል፣ በፈጠረዎ! ማጣሪያውን ብቻ ይሩጡልን» አለች።

«ብቻ» ስትል ፊታቸውን አየሁት። ቢሆንም የእኔን የቡድን ከናቴራ ከባለ ማንጠልጠያ ሱሪያቸው ጋር ለብሰው ገቡ። እንዴት እንደሮጡ ልነግራችሁ አልችልም፤ አፌን ከፍቼ ነበር። አለፍን።

ከሰዓት በፊት የበላሁት የጎድን ጥብስ ይሁን ሌላ፣ ባቴ ለቀቀኝ። በረዶ ከሚሸጠው መኪና ጀርባ ተደብቄ ሦስት ጊዜ ዘለልኩ፤ ምንም የለም። ስመለስ እህት ቨርኔል ወረቀቷን ይዛ ጠበቀችኝ።

«ባትህ እንዴት ነው? ከተሻለህ ግባ፤ የተመዘገበው ያንተ ስም ነው።»

ሚስተር ኦዴል መልሴን አልጠበቁም። ከናቴራውን አውልቀው፣ በጥንቃቄ አጥፈው ዘረጉልኝ። «እንካ፣ ልጆችህ ይዩህ» አሉ። «እኔ ለምጄዋለሁ።»

ያቺን አባባላቸውን አልደገሟትም። ክሌተስ እንኳ አልሳቀም። ሠላሳ ምናምን ዓመት ሲቀልዱ የኖርን ሰዎች ቀልዱ ምን ዓይነት ቁስል ላይ እንደተቀመጠ ያን ጊዜ ገባን፤ እኔም አፈርኩ።

«ኧረ እህት ቨርኔል፣ መቆምም አልቻልኩ!» አልኩና ባቴን ይዤ ሣሩ ላይ ተዘረጋሁ። ማቃሰቱ ትንሽ ሳይበዛ አልቀረም። የልጅ ልጄ «አያቴ ሊሞት ነው?» ብላ ጠየቀች።

ሚስተር ኦዴል ፍጻሜውን ሮጡ። ቡድናችን ሦስተኛ ላይ ሳለ ዱላውን ተቀብለው፣ መታጠፊያው ላይ አንዱን የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ሰውዬ አልፈው ሁለተኛ አድርገውን ለመጨረሻው ሯጫችን ለክሌተስ ሰጡት። ክሌተስ ደግሞ ሜቶዲስቶቹን በክብር አሳልፎ ሦስተኛ አደረገን። የሽልማት መድረኩ ሦስት የለስላሳ ሳጥን ነው። ሚስተር ኦዴል ሦስተኛው ሳጥን ላይ ወጥተው የሦስተኛነቷን ነጭ ሪባን ደረታቸው ላይ ለጠፉ፤ የቤተ ክርስቲያኑ መዘምራን ሳይለመኑ ዘመሩላቸው። ሌሎቹ ወርደው ሄዱ፤ እሳቸው አልወረዱም። እያለቀሱ ቆሙ። እህት ቨርኔል ጠርሙሶቿን ልትሰበስብ ሳጥኑን ባትፈልገው ኖሮ እስከ ዛሬ እዚያው ነበሩ።

ይኸው ሦስት ሳምንት ሆነ፤ እኔ አሁንም አነክሳለሁ። ክቡርነታቸው የክረምት ተማሪዎቹን አድርሰው አውቶቡሳቸውን እንዳቆሙ በየቀኑ የካምፎር ቅባት ይዘው ቤቴ ይመጣሉ። «ወዲህ በላት ያቺን ባት» ይሉና፣ እያሹኝ ፍጻሜውን ከመጀመሪያው ይተርኩልኛል። መታጠፊያው በየቀኑ ይረዝማል፤ ሜቶዲስቶቹ አሁን አራት ደርሰዋል። ባለቤቴ ኦሬሊያ «ቤቱ ካምፎር ካምፎር ሸተተ፤ እስከ መቼ ነው የምታነክሰው?» ትላለች። ይህን በድፍረት የምጽፈውም ሚስተር ኦዴል ከጋዜጣችን የስፖርት ገጹን ብቻ እንደሚያነቡ ስለማውቅ ነው።

ትናንት ድኛለሁ ልላቸው ቆርጬ ተነስቼ ነበር። ሰዓታቸው አምስት ደቂቃ ሲያልፍ ግን በመስኮት አየሁ፤ አሥር ደቂቃ ሲሆን ደጅ ወጣሁ። በመጨረሻ ቅባታቸውን ይዘው ሲመጡ ሮጬ ገብቼ ጤነኛ እግሬን ወንበር ላይ ሰቀልኩ።

«ዛሬ እንዴት ዋለች?» አሉኝ።

«ብሶባታል» አልኳቸው።