አንትሮፖሎጂ ከምን ጋር ይሄዳል?

እኛ አገር ምክር ሳይጠየቅ የሚሰጥ ነገር ነው። የታመመ ልንጠይቅ ገብተን ገና ወንበር ሳንይዝ መድኃኒት እናዛለን፤ ቤት በሚያሠራ ሰው አጥር አጠገብ ስናልፍ፣ መስኮቱ በየት በኩል መውጣት እንደነበረበት ሳንናገር እግራችን አይነሳም። ይህን ስል ራሴን ነጻ ማውጣቴ አይደለም። መዝገብ ቤት ውስጥ ሃያ ስምንት ዓመት ስሠራ፣ ፋይል ሊጠይቅ መጥቶ ሳልመክረው የሸኘሁት ባለጉዳይ ያለ አይመስለኝም። ክፉ ሰው ሆኜ አይደለም። ዝም ማለት አልችልም።

ልጄ ሕይወት ዩኒቨርሲቲ ስትገባ አንትሮፖሎጂ ነው የምማረው አለችኝ። ምንድን ነው ብላት «ሰው እንዴት እንደሚኖር ማጥናት ነው» አለች። እኔም ለጎረቤቴ ለእትዬ ዘውዴ ይህንኑ ነገርኋቸው። ጥቂት አሰብ አደረጉና «ሰው እንዴት እንደሚኖርማ እኔም አውቃለሁ፤ ታዲያ ማን ቀጠረኝ?» አሉ። ከዚያን ቀን ወዲህ ልቤ አላርፍ አለ። አባቷ ካረፈ ስድስት ዓመት ሆኖታል፤ የእኔም ጡረታ እየደረሰ ነው። ይህች ልጅ ተመርቃ ሥራ ብታጣ ምን ይውጣታል? የፈራሁት ይህንኑ ነው።

ሁለተኛ ዓመት ላይ ስትደርስ ትምህርት ክፍሉ ከዋናው ትምህርት ጋር የሚሄድ አንድ ማይነር ምረጡ፣ ቅጹን ሰኞ አምጡ አላቸው። ማይነር የሚሉት ነገር የጸሎቴ መልስ መስሎ ታየኝ። ዋናው ባያበላት ጎኑ ያበላታላ!

በዚያው ሳምንት ቤታችን ጉባኤ ሆነ። ፋብሪካ የሚሠራው ወንድሜ ከኮምፒዩተር ሌላ የሚባል ነገር እንዳልሰማ አለ። እትዬ ዘውዴ የእህታቸው ልጅ ጂኦግራፊ ተምሮ ጣና ዳር ጎርጎራ መምህር መሆኑን፣ ዓሣ እንደ ልቡ መብላቱንም ጨምረው አወሩልን፤ ዓሣው ከጂኦግራፊው ጋር ምን እንዳገናኘው እስካሁን አልገባኝም። እኔ በበኩሌ ማኔጅመንት ብዬ ድርቅ አልሁ። ማኔጅመንት የተማረ ሰው መቼም አንድ የሚያስተዳድረው ነገር አያጣም። ሕይወት ሻይ እየቀዳች ሁላችንንም ትሰማለች። እኔም ዝምታዋን እንቢታ ነው ብዬ ተረጎምሁት።

ስለዚህ አባ ገብረ ሥላሴ ትዝ አሉኝ። አባ የሟቹ ባሌ አጎት ናቸው፤ ጣና ላይ ካሉት ገዳማት በአንዱ አርባ ዓመት ኖረዋል። በባሌ ቤተሰብ ልጅ ትምህርት ሲመርጥ ወይም ትዳር ሲይዝ እሳቸው ሳይጠየቁ አይሆንም። ገዳሙ ሴት አይገባበትም፤ እኛ ጀልባው ከሚቆምበት ዳር እንቀመጣለን፣ እሳቸው ወርደው ያነጋግሩናል። እኔ ታዲያ ምን አደረግሁ? ሐሙስ ዕለት፣ ለገዳሙ እህል በሚያመላልሰው ባለጀልባ በጋሽ ዓለሙ በኩል አስቀድሜ መልእክት ሰደድሁ። «ቅዳሜ ልጅቱን ይዤ እመጣለሁ፤ ሲጠየቁ ማኔጅመንት ይበሉልኝ።» አትፍረዱብኝ። ልጅ ያላችሁ ሁሉ ጋሽ ዓለሙን ብታውቁት ኖሮ ትልኩት ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ሄድን። ሐይቁ ጸጥ ብሎ ነበር። ዳሩ ላይ ካለው ዋርካ ሥር ተቀምጠን ጥቂት እንደቆየን አባ መቋሚያቸውን ተመርኩዘው በዝግታ ወረዱ። መስቀል አሳለሙን፣ ድንጋይ ላይ አረፍ አሉና ወደ ሕይወት ዞሩ።

«ልጄ፣ እናትሽ ማኔጅመንት ይበሉልኝ ብላ ልካብኛለች» አሉ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

«ምን እንደሆነ አላውቀውም፤ ክፉ ትምህርትም አይመስለኝ። ነገር ግን አልልም።» አሁን ወደ እኔ ዞሩ። «ለአባቷም እንዲሁ ተልኮብኝ ነበር፣ ጥሩወርቅ። እሱ መምህር ልሁን ብሎ እዚሁ ዋርካ ሥር ተቀመጠ። አባቱ ደግሞ ቅየሳ ይበሉልኝ ብሎ አስቀድሞ ልኮብኝ ነበር። እኔም ከላይ የተገለጠልኝ አስመስዬ ቅየሳ ተማር አልሁት። አመነኝ። ይኸው እስካሁን ንስሐ እገባበታለሁ፤ ሁለተኛ አልደግመውም።»

አሥራ ስምንት ዓመት አብሬው ኖሬያለሁ። መሬት ሲለካ ውሎ ሲገባ ፊቱ ይጠቁራል። ምን ሆንህ ስለው ደከመኝ ይላል። እኔ ወገቡን ነው ብዬ በየምሽቱ ቅባት ስቀባው ኖርሁ። አንድ ቀን እንኳ ሥራህን ትወደዋለህ ወይ ብዬ አልጠየቅሁትም። እዚያው ዳሩ ላይ፣ በነጠላዬ ጫፍ ዓይኔን ይዤ አለቀስሁ።

ሕይወት እጄን ያዘችኝ። ወደ እሳቸው ዞራም «እርስዎስ አባ፣ ከዋናው ትምህርት ጎን ምን ተማሩ?» አለቻቸው።

«ዋናዬ ድጓ ነበር። ጎን ለጎን ልብስ መስፋት ለመድሁ።»

«መርጠው ነው?»

«ኧረ ልብሴ ተቀዶ ነው!» አሉና ሳቁ። ከዚያ በኋላ እሷ ደብተሯን አወጣች፤ ስለ ተማሪ ቤቱ፣ ስለ ጎጆው፣ ቁራሽ ስለሚለምኑበት መንደር ስትጠይቅ እሳቸው ሲመልሱ ፀሐይዋ አናታችን ላይ ደረሰች። ለቤተሰቡ በአርባ ዓመት ያልነገሩትን ለእሷ በአንድ ጠዋት ነገሯት። ለካ አንትሮፖሎጂ የሚባለው ይህ ኖሯል አልሁ በልቤ። መጠየቅና መልሱን እስኪጨርሱ መስማት።

ስንመለስ፣ ጀልባው መሀል ሐይቅ ሲደርስ፣ «ለመሆኑ አንቺ ምንድን ነው የምትፈልጊው?» አልኋት።

ዞር ብላ አየችኝ። «እማዬ፣ ይሄን ስትጠይቂኝ የመጀመሪያሽ ነው።»

«ማኔጅመንትን ጠልተሽ አልነበረም እንዴ ዝም ያልሽው?»

«ማን ጠላሁ አለሽ? እንደውም እኔም አስቤው ነበር። ሁላችሁም ስትጮሁብኝ ግን የማስበው ትምህርቱን መሆኑ ቀረና ለእናንተ የምሰጠውን መልስ ሆነ።»

«እሺ፣ ሰኞ ምን ልትሞይ ነው?»

«እንጃ» አለች። «አሁን ከተጠየቅኩ ላስብበት።»

እሑድን እንዴት እንዳሳለፍሁት እኔ ነኝ የማውቀው። ምላሴ እየበላኝ ስንዴ ስለቅም ዋልሁ። እትዬ ዘውዴ ብቅ ብለው «ምን ላይ ደረሰ?» ሲሉኝ «እያሰበችበት ነው» ብዬ ስለ ዝናቡ አነሳሁባቸው። ሰኞ ጠዋት ቅጹን አጥፋ ደብተሯ ውስጥ ከትታ ሄደች፤ ከበር እስክትወጣ ድረስ አፌን ይዤ ቆሜ ነበር።

ረቡዕ ምሳ ላይ ራሷ ነገረችኝ። ጥያቄ ነበረኝ፤ ጠየቅኋት፣ እስክትጨርስም ሰማኋት። ሥራ ታገኝበት እንደሆነ አላውቅም፤ ፍርሃቴም ሙሉ በሙሉ አልለቀቀኝም። ማታ ግን ደብተሯን ዘርግታ ስትጽፍ ፊቷን አየሁት፤ አልጠቆረም። ምን መረጠች ትሉኝ እንደሆነ አልነግራችሁም። ይቅርታ አድርጉልኝ፤ እናንተም ሳትጠየቁ የምትሰጡት ሐሳብ አላችሁ።