የሚወረስ ችፌ

የበሽታ መንስኤ ሲተነትን ውሎ መድኃኒቱ ላይ ሲደርስ የሚቸኩል ምሁር አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔን በደርግ ጊዜ፣ ቆቦ ጤና ጣቢያ ተሰልፌ ክንዴን እያከክሁ ስጠብቅ አጋጠመኝ። ስለ ችፌ የሚመራመር ዶክተር ነው። ፊታችን ቆሞ፣ «ይህ በሽታ ይወረሳል» አለን።

መሬቱ ተወርሷል፤ ትርፍ ቤቱም ተወርሷል። ታዲያ ችፌ የማይወረስበት ምን ምክንያት አለ?

ቆዳዋ እስኪደማ የምታክ ሕፃን ያዘለችው ጎረቤቴ ዘሀራ እልል አለች። «አልሀምዱሊላህ! ጓድ ዶክተር፣ መቼ መጥታችሁ ትወርሱልናላችሁ?»

ዶክተሩ ግራ ገባው። «ከአባት ወደ ልጅ ማለቴ ነው።»

«እሱማ በአዋጅ ቀርቷል!» አለች ዘሀራ።

«መድኃኒቱስ?» አልኩት እኔ።

«ገና እየተጠና ነው» ብሎ ቦርሳውን አነሳ።

ማን እንዳከፋፈለን እስከ ዛሬ ግራ እንደገባኝ አለሁ፤ የአባቴን ቤት መንግሥት ወረሰው፣ ችፌውን እኔ።