ጉቴ ላይ የሚቀየር ዘፈን

ሰውን ምን ዓይነት ሙዚቃ ትወዳለህ ብላችሁ ጠይቁትማ፤ ወዲያው ፊቱን ኮስተር አድርጎ የራሱን ክብር ማስረዳት ይጀምራል። ከሁሉም የሚብሰው ግን "እኔ ሁሉንም እሰማለሁ" የሚለው ነው። ምግብ ቤት ገብቶ "ያለውን አምጪ" ከሚል ሰው በምን ይለያል? አባቴ እንዲህ ያለ ሰው ነበር። ማለቴ፣ ነው። ጌታ ይመስገን፣ ዛሬም አለ።

አባዬ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ነቀምቴ ቡርቃ ጃቶ ካለው ቤታችን ተነስቶ ቡና አዲስ አበባ ያደርሳል፣ ቆርቆሮና ሳሙና ጭኖ ይመለሳል፤ ዕድሜውን በዚሁ መንገድ ፈጀው። ጡረታ ወጥቶ አረፈ ስንል ስትሮክ መታው። እግሩ ቀስ በቀስ ተመለሰ፣ አንደበቱ ግን እምቢ አለ። ሐኪሙ የሚወዱትን ሙዚቃ አሰሟቸው፣ አንዳንዴ ያግዛል አለን። ከዚህ የቀለለ መድኃኒት ከየት ይመጣል? ደስ ብሎን ወጣንና በሩ ጋ ሳንደርስ ተጣላን።

እህቴ ጫልቱ አባዬ የሚወደው መዝሙር ብቻ ነው አለች። ለመዘምራን አገልግሎት ጉቴ ድረስ ሲያደርሳት ሌላ ነገር ከፍቶ አያውቅም። እኔ ሳቄ መጣ። ሲሬ ሳስተምር ባኮ ድረስ ሲያሳፍረኝ፣ ሬጌ ከፍቶ መሪውን በጣቶቹ ሲደበድብ በዓይኔ አይቻለሁ። ጊዳ አያና ከሰፈሩ የወሎ ሰዎች ቤት ተድራ የመጣችው እናቴ ደግሞ ሁለታችንንም ናቀችን። "ወዲያ! ምኑን ታውቁታላችሁ? አዲስ አበባ ዘመድ ልጠይቅ ስሄድ መንገዱን ሙሉ እንቅልፍ ነኝ፤ አምቦ ላይ ስነቃ ሁልጊዜ ትዝታ ነው። ለኔ ብሎ ነው!" አለች።

እናም ምስኪኑን ሰውዬ አልጋው ላይ እንዳለ በየተራ አሰማነው። ጎረቤት ግራ ገባው። የጸሎት ቤት ሰዎች ሊጠይቁት የመጡት ልክ የሬጌው ተራ ሲደርስ ነበር፤ ጸሎቱን አሳጥረው ሄዱ። አባዬ ግን ጣሪያውን ያያል። አንድ ከሰዓት እናቴን ጓዳ ውስጥ ድምፅዋን ዋጥ አድርጋ ስታለቅስ አገኘኋት። ስሜን ሳይጠራኝ ሊቀር ነው አለችኝ። እኔም ፈርቼ ነበር።

በኋላ ሐኪሞቹ ለምርመራ ወደ አዲስ አበባ ጻፉልን። የጓደኛዬን አሮጌ መኪና ለምኜ፣ አባዬን ከጎኔ፣ እናቴንና ጫልቱን ከኋላ አሳፍሬ ተነሳን። ፍላሼ ላይ የሌለ የዘፈን ዓይነት የለም፤ ግን ከጫልቱ ጋር ማን ይከራከራል? መዝሙር ተከፈተ።

ጉቴን ገና ከማለፋችን፣ የዛገ በር ሲከፈት የሚመስል ድምፅ ከጎኔ "ጂጂሪ!" አለ። ቀይር ማለት ነው፣ በኦሮምኛ። ፍሬን ያዝኩ። ጫልቱ እልል አለች፣ እናቴ "ማነው? እሱ ነው? እሱ ነው?" ትላለች። አባዬ ስለ ተአምሩ ደንታም አልሰጠው፤ በደህናው እጁ ቴፑን እየጠቆመ "ጉቴ... አለፈ። ጂጂሪ!" አለ፣ ተቆጥቶ። እየቀያየርኩ ሄጄ የወለጋ ኦሮምኛ ዘፈን ላይ ስደርስ እጁን አወረደ። ሲሬ ላይ እንደገና ጂጂሪ፣ ሬጌ ሆነ። ባኮ ላይ ጂጂሪ፣ ሱዳንኛ ሆነ። አምቦ ላይ ትዝታ።

ለካ ሰውዬው ዘፈን የሚቀይረው በከተማ ነው! እንቅልፍ እንዳይጥለው መንገዱን ቆራርጦ ለየቁራጩ ዜማ መድቦለታል። እኛ ደግሞ እያንዳንዳችን የተሳፈርንበትን ቁራጭ ይዘን አባታችንን እናውቃለን ስንል ኖረናል። እናቴ ትዝታው የአምቦ እንጂ የሷ አለመሆኑ ሲገባት፣ በደስታ እያለቀሰች አኮረፈች። ሁለቱን አንድ ላይ እንዴት እንደቻለችበት አላውቅም።

ስንመለስ ተራውን በቃሌ ይዤዋለሁ። ጉቴ ላይ መዝሙሩን መለስኩ፣ ጫልቱም አብራ ዘመረች። ወደ ሰፈራችን ስንታጠፍ ግን አባዬ "አጥፋው" አለኝ። እናቴ አላስቻላትም። ድሮም እዚህ ስትደርስ ታጠፋዋለህ፣ ጎረቤት እንዳይሰማህ ነው አይደል? አለችው።

"አይ" አለ አባዬ። ቃላቱን አንድ በአንድ እየለቀመ፣ "ያንቺን... ከበሩ... ልሰማ ነው" አላት።

የሷን! የመኪናውን ክላክስ ስትሰማ በሩን እየከፈተች "መጣህ? ምነው ቆየህ? በልተሃል? ሸሚዝህን እስቲ እየው፣ ግሪስ በግሪስ!" እያለች ስታወርድበት የኖረችውን ጭቅጭቅ! እኛ ከዚያ ሁሉ ዘፈን የቱን ይወዳል ብለን ስንጣላ፣ ሰውዬው የሚወደውን ለመስማት ዘፈኑን ሁሉ ያጠፋ ነበር።

በራችን ላይ ቆምኩ። ሁላችንም ወደ እናቴ ዞረን ጠበቅናት። እናቴ፣ ቃል አጥሯት የማታውቀው እናቴ፣ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

አባዬ ለቅሶዋን ጥቂት አዳመጠና ፊቱን ኮስተር አድርጎ "ጂጂሪ!" አላት።