ሟቾች ያቀረቡት የእርማት ጥያቄ

ቅዳሜ ዕለት፣ ከምሳ በኋላ፣ ትርንጎ ማንደፍሮ ሕልም አየች።

የቀን እንቅልፍ ሕልም ቅዠት ነው ይላሉ። እሷም ፍቱልኝ ብላ ለማንም አልሰጠችም። ግን ሰው «ከመምህርነቱ ወጥተሽ በብዕር ማደርን እንዴት ደፈርሽ? እንዴትስ ጸናሽ?» ብሎ በጠየቃት ቁጥር ያንን ሕልም ነው የምትነግረው።

ትርንጎ ደሴ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት አማርኛ አስተማረች። ከዚያ ለቀቀችና ቤቷ ተቀምጣ ለሰው መጻፍ ጀመረች። የሠርግ ንግግር ትጽፋለች፤ ማመልከቻ ትጽፋለች፤ አዲስ ለተከፈተ ሱቅ ማስታወቂያ ትጽፋለች። ከሁሉ ይበልጥ የሚፈልጓት ግን በቀብር ላይ ለሚነበብ የሕይወት ታሪክ ነው። ሰው ሲሞት ዘመዶቹ እንባቸውን እየጠረጉ ይመጣሉ። ስሙን፣ የተወለደበትን ዘመን፣ የልጆቹን ስም ይነግሯታል። «ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ቶሎ በይልን» ይሏታል። እሷም ቶሎ ትላለች። ደግ፣ ሰው አክባሪ፣ ተጫዋች፣ ለተቸገረ ደራሽ። ለሁሉም ያው ነበር። ሦስት ዓመት እንዲህ ከሠራች በኋላ ብዕር ባነሳች ቁጥር ክንዷ እንደ ድንጋይ ይከብዳት ጀመር።

አክስቷ እትዬ ውድነሽ ደግሞ አንድ ቀን እንኳ ዝም ብለዋት አያውቁም። «መጻፍ ሥራ ነው እንዴ ልጄ? ሥራ ማለት ጠዋት ወጥተሽ ማታ የምትመለሽበት ነው። ሰፈሩ ሥራ ፈት ነው የሚልሽ። ሰኞ ዳይሬክተሩ ዘንድ ሂጂና መልሱኝ በያቸው።»

ያን ቅዳሜ ትርንጎ ክርክሩ ሰልችቷት «እሺ» አለች። እሺ ብላ፣ ምሳዋን በላችና ጋደም አለች።

በሕልሟ ወዲያው ሰኞ ሆነ። ወደ ትምህርት ቤቱ ጉዞ ጀመረች። ሽቅብ የነበረው መንገድ ሁሉ ቁልቁል ሆኗል። አንድ ባለጋሪ ልጓም ጎርሶ ጋሪውን ይጎትታል፤ ፈረሱ መቀመጫው ላይ እግሩን አጣምሮ በስልክ ያወራል። ማዘጋጃ ቤቱ ጋ ስትደርስ ሠራተኞቹ ፋይል ታቅፈው ፀሐይ ላይ ተሰልፈዋል። በመስኮቱ ውስጥ አንዲት አሮጊት ነጠላቸውን አጣፍተው ተቀምጠዋል።

«እናቴ፣ እባክዎን ጉዳይዎን ልጨርስልዎ» አለ ከፊት የቆመው ሠራተኛ።

«ዛሬ ኔትወርክ የለኝም። ነገ ተመለስ።»

«ሦስት ወር ሙሉ ተመላለስኩ እኮ!»

«ያን ጊዜም አልነበረኝም» አሉና መስኮቱን ዘጉት።

የትምህርት ቤቱ በር ላይ አንድ ሙክት በግ የጥበቃ ኮፍያ አድርጎ ይፈትሻል። «ብዕር ይዘሻል?» አላት። ይዣለሁ አለችው። «እለፊ» አለ። «ሳይዝ የሚመጣው ነው የሚያሰጋን።»

አንድ ክፍል ውስጥ ተማሪዎቹ ሰሌዳ ላይ ይጽፋሉ፤ መምህራኑ ቁምጣ ለብሰው እየተንጫጩ ይገለብጣሉ። ዳይሬክተሩ አቶ እንግዳሸት ሲያዩዋት ከኋላ ዴስክ ተነሥተው እየሮጡ መጡ።

«ትርንጎ! በእናትሽ ቅጠሪኝ!» አሏት። «ቢሮ አለኝ፤ ማኅተም አለኝ፤ ቤቴ ቁጭ ብዬ የምሠራው ሥራ ግን የለኝም። ጠዋት ጠዋት ስወጣ ሰፈሩ እያየ ሥራ ፈት ይለኛል። ልጆቼ እንኳ አፈሩብኝ።»

«እኔም እኮ ልቀጠር ነው የመጣሁት» አለቻቸው።

አቶ እንግዳሸት ክው አሉ። ደረታቸውን በእጃቸው ይዘው ቆዩና፣ «ምነው፣ ምን ደረሰብሽ?» አሏት። ከኪሳቸው አንድ ጠመኔ አውጥተው በሐዘኔታ መዳፏ ላይ አስቀመጡላት።

እጇን በጨበጠች ጊዜ ክፍሉ የለቅሶ ድንኳን ሆነ። በየአግዳሚው የተቀመጡትን ሰዎች ሁሉንም ታውቃቸዋለች፤ ሁሉም ሲሞቱ የሕይወት ታሪካቸውን ጽፋላቸዋለች። ንፍሮ እየቆረጠሙ ያለቅሳሉ።

«ማን ሞቶ ነው?» አለች።

«ኧረ ማንም አልሞተም» አሏት አንድ ሽማግሌ አፍንጫቸውን እየጠረጉ። «ሙጋድ ሰፈር አንድ ወንድ ልጅ ተወልዶ ነው። ስንቱን ያይ ይሆን፣ ምስኪን።»

ከዚያ ቀና ብለው አዩዋት። ለቅሶው ቀጥ አለ።

«መጣች!» ብለው ጮኹ። «የጻፈችብን መጣች!»

ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሁሉ ተነሥቶ ፊት ለፊቷ ተሰለፈ። ከፊት የቆሙት ቅድም አፍንጫቸውን ሲጠርጉ የነበሩት ሽማግሌ፣ ጋሽ ሽበሺ ናቸው፤ ጥር ላይ ነው ያረፉት።

«ትርንጎ» አሏት፣ «‹ከሰው ጋር ተጣልተው አያውቁም› ብለሽ ጽፈሽብኛል?»

«አዎ፣ ጋሽዬ።»

«እዚህ አገር የተጻፈብንን ነው የምንሆነው። ያ አሊ፣ ያ ጎረቤቴ፣ እኔን ተከትሎ መጣልሽ። በድንበር ላይ ባለች አንዲት ባሕር ዛፍ ሠላሳ ዓመት የተጣላሁት ሰው! ልሰድበው አፌን ስከፍት ‹እንደምን አደርክ ወንድሜ› ብቻ ይወጣኛል። እሱም ግራ ገብቶት አሞኛል ብሎ ተኝቷል።»

ከጋሽ ሽበሺ ቀጥሎ እማማ ዘነቡ ነበሩ። አገጫቸው ደረታቸው ላይ ተጣብቋል። «‹አንገታቸውን ደፍተው የኖሩ› ብለሽኝ ይኸው ሰማይ ካየሁ ስንት ጊዜዬ!» አሉ ወደ መሬት እየተናገሩ። «እኔ እኮ ልጄ የሰኞ ገበያን ደላላ በአንድ ቃል የማባርር ሴት ነበርኩ።» ከእሳቸው ኋላ የቆመው ሰውዬ «ከአንደበቱ ማር የሚፈስ» ያለችው ነው። ማሩን ተከትለው የመጡ ንቦች ከንፈሩን አላስከፍት ስላሉት በእጁ ብቻ እያመለከተ ለመናት።

ትርንጎ አፈረች። «ቤተሰቦቻችሁ እኮ ናቸው እንዲህ በዪ ያሉኝ» አለች። «ደግሞ ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነበር።»

«እኛ እኮ አልቸኮልንም ነበር» አሉ ጋሽ ሽበሺ ቀስ ብለው።

ጠመኔዋን ይዛ ወደ ድንኳኑ ሸራ ዞረች። «እንግዲያው ይንገሩኝ» አለቻቸው። ነገሯት፣ እሷም ጻፈች፦ «አቶ ሽበሺ ከጎረቤታቸው ከአቶ አሊ ጋር በአንዲት ባሕር ዛፍ ሠላሳ ዓመት ተጣልተዋል። አቶ አሊ የታመሙ ጊዜ ግን ሐኪም ቤቱ በር ላይ፣ ማንም እንዳያያቸው በጋቢ ተሸፋፍነው ሲጠብቁ የከረሙት እሳቸው ናቸው።»

ጋሽ ሽበሺ አነበቡት። «የኋለኛውን ለማንም አትንገሪ ብዬሽ አልነበረም?» ብለው ተቆጡ። መቆጣት መቻላቸውን ሲያውቁ ፊታቸው በራ። እየሮጡ ከድንኳኑ ወጡ፤ ብዙም ሳይቆይ ከውጭ «ዛፉ የእኔ ነው!» የሚል ድምፅ ተሰማ። «በሕልምህ!» አለ ሌላ ድምፅ፣ በደስታ።

እማማ ዘነቡን ጻፈቻቸው፤ አንገታቸው ቀና አለ። የንቦቹን ሰውዬ ጻፈችው፤ ለካ ኮልታፋ ኖሯል፤ ንቦቹ ተበተኑ። ክንዷን አንድም ጊዜ አልከበዳትም። እየጻፈች ሳለ ግን ከሰልፉ ጫፍ አንድ ሰው ያለማቋረጥ ሲቀልድ ሰማች። ይቀልድና ይስቃል፤ ሳቁ ግን ሳል ይመስላል። ድምፁን ታውቀዋለች።

አባቷ ነበር።

ማንደፍሮ አናጺ ነበር። ሲሠራ ምስማሮቹን በከንፈሩ ነክሶ ስለሚይዝ፣ ከሥራም በኋላ አፉን መክፈት ይረሳል ይሉት ነበር። ሲሞት ትርንጎ ዘጠነኛ ክፍል ነበረች። የሕይወት ታሪኩን የሚጽፍ ሰው ጠፍቶ እሷ ጻፈችው። ሰው እንዴት እንደሚጽፍ ከሌላ ለቅሶ የሰማችውን አስታውሳ፣ «ተጫዋችና ሳቂታ» አለች። ለቀስተኛው ሁሉ አለቀሰ። «ይህች ልጅ ጸሐፊ ትሆናለች» አሉ። ሥራዋ የተጀመረው ያን ቀን ነው።

አባቷ ሰልፉን አልፎ መጣ። ላብ አጥምቆታል፤ ጉንጮቹ በሳቅ ብዛት ቆስለዋል።

«ልጄ፣ አንድ ሰውዬ በቅሎ ሊገዛ ሄዶ… ሃ ሃ… ልጄ፣ ደከመኝ… በቅሎዋ ምን ብትለው ጥሩ ነው… እባክሽ ልጄ፣ ዝም አሰኚኝ።»

«አባዬ፣ አሁን» አለች። በትልልቁ ጻፈች፦ «አባቴ ማንደፍሮ ዝምተኛ ሰው ነበር።»

አባቷ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። ከኪሱ ሦስት ምስማሮች አወጣና በከንፈሩ ያዛቸው፣ አጠገቧም አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ትከሻው ትከሻዋን ነካ። ከሃያ ዓመት በፊት የሚያውቁት ሰዎች ሁሉ አሁን ቢያዩት ማንደፍሮ ነው ይሉ ነበር።

«ምን ልጨምር አባዬ?»

አባቷ ጠመኔዋን ብቻ ተመለከተ። እሷም ቀጠለች፦ «ጎረቤት ቤት የተሰበረ ወንበር ካየ ሳይጠየቅ ይጠግን ነበር። ለእኔ ግን…» ብላ ጀመረች።

በር ተንኳኳ።

ትርንጎ ከአልጋዋ ዘልላ ተነሣች። ፀሐዩ ገና አልበረደም። በሩ ላይ ሁለት ጎልማሶች ክራባት አስረው ቆመዋል፤ ወንድማማች እንደሆኑ ያስታውቃሉ።

«የሕይወት ታሪክ እንድትጽፊልን ነበር» አለ ታላቁ። «የአባታችንን፣ የአቶ ወልደሰንበትን።»

«ነፍስ ይማር። መቼ አረፉ?»

ወንድማማቾቹ ተያዩ። «ገና ናቸው» አለ ታናሹ። «ሐኪሙ ከሐሙስ አያልፉም ስላለን፣ በኋላ እንዳንጣደፍ ብለን ነው። ያው የተለመደውን አድርጊልን። ደግ፣ ሰው አክባሪ…»

«አባታችሁ መናገር ይችላሉ?» ስትል አቋረጠችው።

«ኧረ ንግግሩስ ምን ሆኖ!» አለ ታላቁ።

«እንግዲያው እሳቸው ጋ ውሰዱኝ።»

አንገራገሩ። እሷ ግን ጫማዋን አድርጋ ነበር። አቶ ወልደሰንበትን በትራስ ተደግፈው አገኘቻቸው። አልጋቸው አጠገብ ተቀምጣ ማን እንደሆነችና ለምን እንደመጣች አንዱንም ሳትደብቅ ነገረቻቸው። ልጆቹ በሩ ላይ ቆመው ወለል ወለሉን ያያሉ። ሽማግሌው የልጆቻቸውን ክራባት አንድ በአንድ አዩ።

«ሐሙስ ነው ያሉሽ?»

«አዎ፣ አባቴ።»

«ደብተርሽን አውጪ» አሏት። አወጣች።

«ጻፊ» አሉ ጉሮሯቸውን ጠርገው። «አቶ ወልደሰንበት ሁለት ወንዶች ልጆች ነበሯቸው። ሁለቱም ችኩሎች ነበሩ።»